አያ ደምለውና የኪዳነ ምሕረት ደን ነብር

ነብር ያየ ሰው የሌለበት መንደር የለም። ነብሩ ካለቀ ዘመን ቢቆጠርም ያየው ሰው ግን አላለቀም፤ እንዲያውም ነብሩ እየጠፋ በሄደ ቁጥር ያዩት ሰዎች እየበረከቱ መጥተዋል። እንዲህ ያለው ሰው ከገበያ አይጠፋም፣ ከሠርግ አይቀርም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሐዘንተኛው እንባውን እስኪጠርግ ይታገሥና ጉሮሮውን ያጠራል። ከደብረ ኤልያስ ወጣ ብላ ባለችው በዚያች መንደር ይህ ማዕረግ የአያ ደምለው ነው። የጥንቱ ሹመት ሁሉ በቀረበት በዚህ ዘመን መንደሩ “ባላምባራስ ነብሬ” ብሎ ሾሞታል። ሹመቱን ያጸደቀ የለም፤ እሱም አልተቃወመም።

የባላምባራስ ነብሬ ሚስት ታየች ትባላለች። ታየች መዋሸት የማይሆንላት ሴት ናት። የጎረቤት ወጥ ጨው ከበዛበት በዝቶበታል ትላለች፤ በዚህም የተነሣ ማኅበር ሲደርስ ወጥ እንድትቀምስ የሚጠራት የለም። እንዲህ ያለችውን ሴት ከደምለው ጋር ማጋባቱ ለምን እንዳስፈለገ እግዜርን ስታስቀድስ ጠይቃው ታውቃለች።

“በዚህ ዓይኔ!” ይላል ደምለው፣ የቀኝ ዓይኑን ቆብ በጣቱ ወደ ታች ጎትቶ ቀዩን እያሳየ። ነብሩ ከኪዳነ ምሕረት ደን ሲወጣ ውሻ ያህላል። ወሬው ደብረ ኤልያስ ገበያ ሲደርስ ጥጃ አክሎ ይገኛል። ደምለው ወደ ደብረ ማርቆስ በሚኒባስ የሄደ ለት ደግሞ ወይፈን አክሎ ነበር፤ ረዳቱ እንኳ ሒሳብ መቀበሉን ትቶ አፉን ከፍቶ ሲሰማ፣ ታየች ሻሿን ፊቷ ላይ ጎትታ የተኛች መሰለች።

ልጃቸው ከከተማ ሞባይል የላከለት ጊዜ ደምለው በመጨረሻ ማስረጃ አገኘ። ቁጥቋጦ መሐል ደብዘዝ ያለ ቢጫ ነገር ፎቶ አንሥቶ መንደሩን ሲዞር ዋለ። ማታ ተራው ለታየች ደረሰና አየችው።

“ይኼማ ትናንት ምንጭ ወርጄ የረሳሁት ጀሪካን ነው” አለች። ሄዳም ይዛው መጣች።

ደምለው ቅንጣት አልደነገጠም። “ነብሩ ከጀሪካኑ ኋላ ነበር” አለ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ስለ አራዊት የሚያጠና ባለሙያ መጣና፣ ዙሪያው ታርሶ ደን የሚባለው የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ብቻ ስለቀረ በዚህ አካባቢ ነብር አለ ማለት አይቻልም ብሎ አስረዳ። ሰው ሁሉ ወደ ደምለው ዞረ። ደምለው ባለሙያውን በትሕትና ካዳመጠ በኋላ፣ “ጌታው ልክ ነዎት። ብቻ ነብሩ ይህን አልሰማም” አለው። ባለሙያው ሳይቀር ሳቀ። ታየች አልሳቀችም። ሰው ባሏን የሚስቅበት ነው ወይስ የሚስቅለት የሚለውን ነገር ለይታ አታውቀውም ነበር።

ነገሩ ጨዋታ መሆኑ የቀረው በነሐሴ ነው።

በዚያች መንደር ከብት የሚጠበቀው በተራ ነው። ዛሬ አንዱ ቤት፣ ነገ ሌላው ቤት የሁሉንም ከብት ይዞ ይወርዳል። በተራው ቀን ከብት የጠፋበት ሰው ከቤቱ አውጥቶ ይተካል። አውሬ በልቶት ከሆነ ግን አይተካም፤ ብቻ ቀንድም ይሁን ቆዳ የተረፈውን ማምጣት አለበት። የሚያመጣው ነገር ካጣ፣ አውሬው ሲወስደው በዓይኑ ያየ ሰው ኪዳነ ምሕረት ደጅ ቆሞ ይምልለታል። ይህ ከአባት የመጣ ሥርዓት ነው፤ ማንም አይከራከረውም።

ያን ለት ተራው የየብርጓል ነበር። የብርጓል ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ያላት ከብት አንድ በሬ ነው። አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር አቀናጅታ ታሳርሳለች፤ በዚያ ትኖራለች። ጉም ወርዶ ምኑም ምኑም አይታይም ነበር። ከብቱ ሲገባ የየሺዋስ ጊደር የለችም። የሺዋስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን የእሱን ነገር የሚተው ሰውም አይደለም።

መንደሩ ዱላና ባትሪ ይዞ ለፍለጋ ወጣ። የብርጓል ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ስታለቅስ አያ ደምለው ደረሰ። ምን እንደነካው እሱም በኋላ በደንብ ማስረዳት አልቻለም። ልቅሶዋ አንጀቱን በልቶት ይሆናል፤ ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ ማየቱም ይሆናል።

“አትድከሙ” አለ። “ነብር ነው። በዚህ ዓይኔ አይቼዋለሁ። አንገቷን ይዞ ወደ ገደሉ ወረደ።”

በሌላ ቀን ቢሆን ይሳቅ ነበር። በጉም መሐል ግን ነብር አያስቅም። ሰው እርስ በርሱ ተያየና እያንዳንዱ ወደየቤቱ ገባ። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ፤ ሲነጋ ኮቴም ዱካም አልተገኘም። ሽማግሌዎቹ የየብርጓልን ነገር አይተው፣ ደምለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይማልላት፤ ካልማለ በሬዋ ለየሺዋስ ይሰጥ ብለው ፈረዱ። የብርጓል ደምለው እግር ላይ ልትወድቅ ስትል ትከሻዋን ይዞ አስቀራት። ዕድሜውን ሙሉ ማንም ምስክር አድርጎ ጠርቶት አያውቅም ነበር። ቀና ብሎ ወደ ቤቱ ገባ።

ቅዳሜ ከሰዓት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የማጭድ እጀታ ሲያበጅ ታየች አጠገቡ መጥታ ቆመች።

“ደምለው።”

“አቤት።”

“ጊደሯ የጠፋች ለት ከሰዓት የት ነበርክ?”

“ጤፍ ሳርም።”

“ከማን ጋር?”

ደምለው እጀታውን ማበጀቱን ቀጠለ።

“ከኔ ጋር። ወገቤን ወገቤን እያልክ አንዴም ቀና አላልክም። እስኪመሽ እዚያው ነበርን።”

“አውቃለሁ።”

“የሐሰት መሐላ ልጅ ላይ ይወርዳል። ያለን ያ አንድ ልጅ ነው።”

“አውቃለሁ አልኩሽ!” ማጭዱን መሬት ላይ አስቀመጠው። “የዚያች ምስኪን በሬስ ሲነዳ ቆመሽ ታያለሽ?”

“እሱንም አላይም” አለች ታየች። “አንተ በኪዳነ ምሕረት ስትምል ግን ጭራሽ አላይም።”

ታየች ያን ዕለት ማታ እህል አልቀመሰችም። ባሏ ሐሰተኛ መሆኑን እያወቀች ስትኖር እንዲህ ፈርታ አታውቅም፤ እስካሁን የነበረው ውሸት ማንንም አልጎዳም፣ ማንንም አልጠቀመም ነበርና።

እሑድ ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ በደጁ ቆመ። ቄሰ ገበዝ ኪዳነ ማርያም መስቀላቸውን ዘረጉ። ደምለው ጫማውን አውልቆ ቀረበ፤ እጁን አነሣ፤ መስቀሉ ዘንድ ሳይደርስ መለሰው።

“አባ፣ አላየሁም።”

“ምኑን?”

“ነብሩን።”

“ጊደሯን ሲወስዳት አላየህም?”

“ያን ለትም አላየሁም። አምናም አላየሁም። ከተወለድኩ አንድ ቀን አላየሁም አባ፤ ደኑን ሳይ የምኖረው አይ ይሆናል እያልኩ ነው።”

ሲስቁበት የኖሩ ሰዎች ሁሉ እዚያ ነበሩ። አንድም ሰው አልሳቀም። የብርጓል ቆማ ከነበረበት መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። የሺዋስ እንኳ መሬት መሬት አየ።

“እንግዲያው በሬዋ...” ብለው ቄሰ ገበዙ ሲጀምሩ ደምለው አቋረጣቸው።

“አባ ይቅር ይበሉኝ። በሬዋ አይነካ። ጊደሯ ከጉሙ መሐል ቆማ ነበር ይሆናል፤ ሰው ፍለጋ ሲወጣ ነብር አለ ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ። የጠፋችው በየብርጓል ተራ ነው፤ ሳትገኝ የቀረችው ግን በኔ አፍ ነው። የምትተካው ጊደር ከኔ ቤት ትውጣ።”

ይህን ሲል ቄሰ ገበዙን አላየም፤ ታየችን ነበር የሚያያት። በቤታቸው ያለችው ጊደር ዳልቻ ናት፤ ዳልቻ ደግሞ የታየች ናት። አባቷ ሲያጋቧት ከሰጧት ላም የመጣ ዘር ነው፤ ለዘንድሮ ጥገት ትሆናለች ብላ ቅቤዋን ሳይቀር አስባ የጨረሰችባት።

ታየች ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤት ወረደች። ሰው ተቆጥታ ሄደች ብሎ አዘነለት። ጥቂት ቆይቶ ዳልቻን በገመድ እየሳበች ዳገቱን ወጣች፤ ገመዱን የሺዋስ እጅ ላይ አስቀምጣ፣ “ጨው ትወዳለች” ብላው ተመለሰች። ቤት ሲገቡ ግን አለቀሰች። ለጊደሯ አዝና ነው፤ ባሏንም ኮርታበት ነው፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡባት።

ከዚያ በኋላ መንደሩ ነብር አልባ ሆነ። ደምለው ስለ ዝናብ ያወራል፣ ስለ ማዳበሪያ ያወራል፤ ወሬው እንደ ማንም ሰው ወሬ ነው። ጠላ ቤት ሲገባ ሰዉ ቦታ ይለቅለታል፣ ከዚያ ሁሉም ዝም ይላል። የሰው ክፋት ቢሆን ታየች ትጣላቸው ነበር፤ ግን ክፋት አልነበረም። አዝነውለት ነው። ባላምባራስ ነብሬ የሚለው ስምም ቀረ። ታየች ከሁሉ የከበዳት ማታ ማታ ነበር፤ ስትሰለቸው የኖረችውን ወሬ እራት እያቀረበች ትጠብቀው ጀመር፤ አይመጣም።

በጥር፣ ጎሕ ሲቀድ ኪዳን ልታደርስ ብቻዋን ወደ ኪዳነ ምሕረት ስትወጣ፣ ከቅጥሩ ጥግ ባለው ትልቅ ወይራ ላይ የተጋደመ ነገር አየች። መጀመሪያ ሰው ያሰጣው ቡልኮ መሰላት። ከዚያ ቡልኮው ራሱን አነሣ።

ነብር ነበር። ደምለው ከሚለው በጣም ያንሳል። ጥቋቁር ነጠብጣቡ እስከ እግሩ ይወርዳል። ጥቂት አያት፤ ምንም አላሳሰበችውም መሰለኝ፣ ቀስ ብሎ ግንዱን ይዞ ወረደና ደኑ ውስጥ ገባ። ታየች ያማተበችው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ኪዳን ሳታደርስ በሩጫ ተመለሰች።

“ነብር አየሁ” አለችው።

ደምለው ገና ጋቢውን እያጣፋ ነበር። “ጅብ ይሆናል” አላት።

“ደምለው፣ ነብር ነው። ወይራው ላይ።”

“ጎሕ ሲቀድ ዓይን ያታልላል ታየች።”

ባሏን ልትመታው ምንም አልቀራትም። እሱ ግን ፊቷን ሲያይ ጋቢውን ለቀቀው።

“ጅራቱስ?” አለ በቀስታ።

“ረጅም ነው። ጫፉ ወደ ላይ ቆልመም ይላል።”

“እኔ እንደ ዱላ ቀጥ ያለ ነው እል ነበር” አለ ደምለው። መደቡ ላይ ተቀመጠ። እንደ ልጅ ሁሉንም ጠየቃት፤ ዓይኑን፣ አወራረዱን፣ ድምፅ አሰምቶ እንደሆነ። ሁሉንም መለሰችለት። ሲጨርስ እንባው በጉንጩ ላይ ይወርድ ነበር።

“ዛሬውኑ ሽማግሌዎቹ ዘንድ እሄዳለሁ” አለች ታየች። “እኔ ስል ማንም አይጠራጠርም። ያን ሁሉ ዘመን የሳቀብህ ሁሉ ይስማ።”

ደምለው እጇን ያዘ። “እንዳትናገሪ።”

“ለምን?”

“ከሰሙ ይገድሉታል። በግና ፍየል ያለው ሁሉ ጥይት ወይ መርዝ ይዞ ይወጣል፤ ይፈረድባቸዋልም አልልም። እኔ ሳወራ የነበረውን ነብር ማንም ሊገድለው አይችልም ነበር። ይኼኛው ሥጋና ደም ነው።”

የካቲት ኪዳነ ምሕረት ደረሰች። ከንግሡ በኋላ ሰው ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ዳቦና ጠላ ሲል የሺዋስ ሞቅ ብሎት ተነሣ።

“አያ ደምለው!” አለ። “እኔን አስቀይመኸኝ አታውቅም፣ የጊደሯም ነገር ያለፈ ነው። ጨዋታው ግን ሞተብን እኮ! እስቲ ለዓመት በዓሉ አንድ ነብር አምጣልን።”

ዳሱ ሁሉ ደስ ብሎት አጨበጨበ። “ይጫወቱልን እንጂ አያ ደምለው” አለች የብርጓል ከሴቶቹ መሐል። ቄሰ ገበዙ ሳይቀሩ ፈገግ ብለው ጠበቁ። ናፍቀውታል፤ ታየች ከፊታቸው አነበበችው።

ደምለው ጉሮሮውን አጠራ። ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ነገር ምላሱ ላይ ነው፤ ምስክሩም ጎኑ ተቀምጣለች። አንድ ቃል ቢተነፍስ ስሙ ይመለስለታል።

“ነብር የለም” አለ። “ይኼ አገር ነብር የለውም። ቢኖር እኔ ሳላየው እቀር ነበር?”

“እውነቱን ነው” አለ የሺዋስ እያዘነ፣ ተቀመጠም። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ ማንም አልተከራከረም፣ ማንም አልሳቀም። አያ ደምለው በዘመኑ ከዋሸው ሁሉ መንደሩ አንድም ሳይቀር አምኖ የተቀበለው ይህን ብቻ ነው። ታየች ያን ጊዜ የወደደችውን ያህል ባሏን ወድዳው አታውቅም፤ ዋንጫውን ተቀብላ እስከ አፉ ድረስ ሞላችለት።