ጫማ የማይወልቅበት ሙዚየም

[ሱር ከተማ፣ ባሕሩ ዳር። የተቀረጸ የእንጨት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ኸልፋን ደፉ ላይ ጫማውን ያወልቃል፤ ዛሂር ይጎትተዋል።]

ዛሂር፦ ኧረ አታሳፍረኝ! ሙዚየም ሲገባ ጫማ ይወልቃል?

ኸልፋን፦ የሰው ቤት መሰለኝ።

ዛሂር፦ አንተ ከግመል ሌላ ምን አይተህ ታውቃለህ! እኛ ዋና ከተማው መስከት እንዲህ ያለ በር ክፍት ከሆነ ሙዚየም ነው፤ አለቀ። የከሰዓቱ የዓስር አዛን እንደተሰማ የሐጂ ናስርን ልጅ ለትዳር ልጠይቅ ነው። እስከዚያ አገር ላሳይህ ብል ታዋርደኛለህ።

ኸልፋን፦ ሰውየውን አይተሃቸው ታውቃለህ?

ዛሂር፦ አጎቴ በስልክ ጨርሶታል። እኔን ማን እምቢ ይላል?

[ይገባሉ፤ ኸልፋን በባዶ እግሩ፣ ዛሂር እንደተጫማ። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል።]

ዛሂር፦ ይኸውልህ! የጥንት መርከበኛ፣ ከሰም የተሠራ። ጢሙ የፍየል ጠጉር ነው። [ጢሙን ይጎትታል።]

ሽማግሌው፦ አህለን ልጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። [ቴምር ያቀርባሉ።]

ኸልፋን፦ ቢስሚላህ! ሰሙ ተናገረ!

ዛሂር፦ ሞኝ! ተዋናይ ነው። እዚህ አገር እንግዳን «ማነህ፣ ምን ፈለግህ» አይሉም፤ መጀመሪያ ያበላሉ። እሱን እያሳየን ነው። ግን ትወናው አይረባም፤ ፊቱን አጥቁሮታል።

ኸልፋን፦ ጢማቸውን ስለጎተትክ ይሆናላ።

ዛሂር፦ [ቴምሩን ቀምሶ ይተፋል።] ያምናው ነው! አባባ፣ ለአለቃዎ ይንገሩልኝ፤ በዚህ ቴምር ጎብኚ አይመጣም።

ሽማግሌው፦ እነግረዋለሁ።

[ከመጋረጃው ጀርባ የሴት ሳቅ።]

ኸልፋን፦ ዛሂር፣ ሰው አለ!

ዛሂር፦ የተቀዳ ድምፅ ነው። አሳሳቋ ደግሞ የዶሮ! እንዲህ ያለችውን ማን ያገባል?

[አዛን ይሰማል። ዛሂር ልብሱን ያስተካክላል።]

ዛሂር፦ ሰዓቴ ደረሰ። አባባ፣ የሐጂ ናስርን ቤት ያውቁታል?

ሽማግሌው፦ አሳምሬ። አሁን ግን እንግዳ ገብቶበታል።

ዛሂር፦ የምን እንግዳ?

ሽማግሌው፦ ጫማውን ያላወለቀ።

[ዛሂር ቀስ ብሎ እግሩን ያያል። ከበሩ እስከ ሽማግሌው ድረስ ምንጣፉ ላይ እርጥብ አሸዋ ተዘርቷል።]

ሽማግሌው፦ [ወደ ኸልፋን ዞረው] አንተስ ልጄ፣ አግብተሃል?

[ሳቁ ከመጋረጃው ጀርባ ይደገማል።]

ኸልፋን፦ [ለዛሂር፣ በሹክሹክታ] ይኼስ ትወና ነው?