የውሃ ዶክተሯ

እኛ ቡራዩዎች «ዶክተር» ሲባል የምን እንደሆነ አንጠይቅም። ወዲያው የሚያመንን ጉልበት ነው የምናሳየው። የእናንተ ሰፈር ሰው መጀመሪያ የትምህርት ክፍሉን የሚያጣራ ከሆነ ታድላችኋል።

የጎረቤቴ የኦቦ ለሜሳ ልጅ ጫልቱ ፊንላንድ ተምራ፣ ዶክተር ተብላ፣ ለእረፍት መጣች። በማግስቱ ግቢያቸው በበሽተኛ ሞላ። ኦቦ ለሜሳ ራሳቸው በር ላይ ቆመው ያስገባሉ፤ «ልጄ ትመጣና ታያችኋለች» ሲሉ ነዋ የከረሙት። እኔም፣ ምን እዋሻችኋለሁ፣ ወገቤን ይዤ ተሰልፌያለሁ።

ጫልቱ ወጥታ ስታየን ደነገጠች።

«አባባ፣ እኔ እኮ የቋንቋ ዶክተር ነኝ። ያጠናሁት የአንድ ጥንታዊ ቃል አመጣጥ ነው።»

«ጄቻ ቶኮ?» አሉ ኦቦ ለሜሳ ድምፃቸው ሰልሎ። «ያን ሁሉ ዘመን አንድ ቃል?»

ሰውየው አንገታቸውን ሲደፉ አንጀቴን በሉት። ልጅቷም አላስቻላትም መሰለኝ፣ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ታስረዳን ጀመር። ቃሉ «ውሃ» ነው። ፊንላንዶች «ቬሲ» ይሉታል። «የውሃ» ለማለት ግን «ቬደን»፣ ጥቂት ውሃ ሲፈልጉ ደግሞ «ቬታ»። ታዲያ «ሲ» ከየት መጣች? ጥንት «ቬቲ» ነበር አሉ፤ «ት» ከ«ኢ» ጋር ስትጎራበት ጊዜ ተለወጠች።

«ለእናንተም እንግዳ አይደለም» አለችን። «ወንዱን ‹ክፈት› ትሉታላችሁ። ሴቷንስ?»

«ክፈቺ!» አልን በአንድ ድምፅ።

«‹ት› የት ገባች?»

ተያየን። ዕድሜ ልካችንን በገዛ አፋችን ስንለውጣት ኖረን አንድም ቀን ልብ አላልናትም። ወገቤን ረሳሁት።

ኦቦ ለሜሳ ግን ከዚህ ሁሉ የያዙት «ውሃ» የምትለዋን ብቻ ነው። ቀና አሉ። «ልጄ የውሃ ዶክተር ናት!»

የሰፈራችን ቧንቧ ከደረቀ ሰንብቷልና በሽተኛው ሁሉ ወዲያው ዳነ። ጫልቱን መሃል አድርገን ወደሚመለከተው ቢሮ ተመምን። «ጋሼ፣ ምን ልበል?» ትለኛለች በመንገድ ላይ። እኔ ምን አውቄ!

ኃላፊው «ዶክተር» ሲባል ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት። ጫልቱ ግን ውሸት አይሆንላትም።

«ይቅርታ፣ እኔ ያጠናሁት ውሃውን ሳይሆን ቃሉን ነው።»

ኦቦ ለሜሳ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ግድ የለም ዶክተር፣ ይቀመጡ» አላት ኃላፊው። «እኛም ጋ ያለው ቃሉ ብቻ ነው።»