ታህቱ ሳይስማማ

ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ የሌለበት ሰፈር የታደለ ነው። የዱሬቲ ሰፈር አልታደለም። አምቦ ላይ ከቤቷ ፊት ለፊት ክቡር ኦቦ ቱፋ አሉ፤ ሰው በደመረበት ሁሉ ሳይጠሩ የሚደርሱ።

በቀደም ገበያ ሁለት እንጎቻ ቅቤ አስመዘነች። አንዱ ኪሎ ተኩል፣ ሌላው ሦስት ሩብ ኪሎ ሆነ። «ሁለት ኪሎ በይው በቃ» ስትል ባለቅቤዋ እሺ ልትላት ነበር። ከኋላ ያ ድምፅ መጣ።

«ታህቱ ሳይስማማ ላዕሉ አይደመርም! ግማሹ ሁለት ሩብ ነው፤ ሦስት ሩብ ሲጨመር አምስት ሩብ። ከአንዱ ኪሎ ጋር ሁለት ኪሎ ከሩብ!»

ገበያተኛው ዞሮ አያት። ታህት የክፍልፋይ የታችኛው ቁጥር፣ ላዕል የላይኛው መሆኑን ከተማረች ዘመን አልፏታል። «ምን አገባቸው? ቅቤው የአባታቸው ነው?» እያለች ስትበግን ሰነበተች።

ለፋሲካ ቅርጫ ግማሽ መደብ ሥጋ ገባች። ሲሶውን የያዘችው እህቷ ሃዋኒ ድንገት ወደ ሸነን ልትሄድ ሆነና «የኔንም ውሰጂው» አለቻት። ዱሬቲ እፎይ አለች፤ በማግስቱ የልጇ የሴና አማቾች ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቷ ይመጣሉ፤ ሥጋ ካነሰባት ውርደት ነው። የቀረችው አንድ ስድስተኛ የኦቦ ቱፋ ነበረች። ለብቸኛ ጡረተኛ አቅሙ እሱው ነው።

አከፋፋዩ ለሜሳ ቢላውን አነሳ። «ከሁለት አንድ፣ ከሦስት አንድ፤ ከአምስት ሁለት!» አለና መደቡን አምስት ቦታ ከፍሎ ሁለቱን ለዱሬቲ ገፋላት። «ሦስቱ የኦቦ ቱፋ።»

ግማሽ ይዛ፣ ሲሶ ተጨምሮላት፣ ከግማሽ በታች? ግን ምን ብላ ታስረዳ? ኦቦ ቱፋን አየቻቸው። ዛሬማ ዝም ይላሉ፣ አለች በልቧ።

«አንተ ለሜሳ! ታህቱ ሳይስማማ!» ጮኹ ኦቦ ቱፋ። «ግማሹ ሦስት ስድስተኛ፣ ሲሶው ሁለት ስድስተኛ። አምስቱ የሷ ነው፤ ስድስት ቦታ መድበው!»

«ኦቦ፣ የእርስዎ እኮ ነው የሚቀንሰው» አለ ለሜሳ።

«ሒሳብ የኔን ሆድ አይጠይቅም!»

ዱሬቲ ልታመሰግናቸው አፏን ስትከፍት፣ ድምሩን ሰው ፊት ካልደገምሽ ብለው ያዟት። እንደ ተማሪ ቆማ ደገመችው፤ ንዴቷም ተመለሰ።

በማግስቱ አማቾቹ ሲቀመጡ፣ መንገዱን ተሻግራ በራቸውን ደበደበች።

«ኦቦ ቱፋ! አምስት ስድስተኛው እኔ ቤት ነው። እርስዎ ጋ አንድ ስድስተኛ አለ። ታህቱ ተስማምቷል፤ ይዘውት ይነሱ!»

ኦቦ ቱፋ የሚያርሙት ፈለጉ፤ አጡ። ከዚያ ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።