ፓስ የማይሉት ዶን ኤሊሂዮ

በዓለም ላይ ያለ ሰፈር ሁሉ መብትህን የሚያውቅልህ አንድ ሰው አለው። አንተ አታውቀውም፤ እሱ ያውቅልሃል። ጥርስህን አሞህ ጉንጭህን ይዘህ ብታልፍ፣ «በሥራ ሰዓት ነው ያመመህ ወይስ ከሥራ ሰዓት ውጪ?» ብሎ ያስቆምሃል። ሠርግህ ላይ ከጠራኸው ሙሽሪትን ወደ ጥግ ወስዶ ውሉን አንብባ እንደሆነ ይጠይቃታል። ቀብርህ ላይ ደግሞ ያለ በቂ ማስጠንቀቂያ መሰናበትህን ለቄሱ ያመለክታል። አንድ ሰፈር እንዲህ ያለውን ሰው ከአንድ በላይ አይችልም፤ ሁለት ቢሆኑ ሰፈሩ በአቤቱታ ብዛት ይዘጋል።

ናጉዋ ከተማ ውስጥ፣ ባሕሩ አጠገብ ላለው ሰፈራችን የደረሱት ክቡር ዶን ኤሊሂዮ ናቸው።

ከሁሉም በላይ የሚያውቃቸው ሰው ቢኖር ባለሱቋ ፊዮርዳሊሳ ናት። ከባንኮኒዋ ጀርባ ሆና ለአንዱ አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ለሌላው ግማሽ ሳሙና ስትቆርጥ፣ ዶን ኤሊሂዮ በዚያ ሙቀት ክራቫታቸውን እስከ ማንቁርታቸው አጥብቀው አስረው ሲመጡ ታያለች። ጎልማሳነታቸውን ኒው ዮርክ ውስጥ፣ አንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ አንሶላ ሲያጥቡ ነው የጨረሱት። የሠራተኛ ማኅበሩም ተወካይ ነበሩ። ሌላው ሰው ከዚያ ሲመለስ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ያስጭናል፤ እሳቸው ይዘው የተመለሱት አንድ ክራቫትና ቃላት ነው።

ያውም ምን ዓይነት ቃላት! በእንግሊዝኛ ቲማቲም መግዛት አይችሉም። መንገድ ቢጠፋባቸው አይጠይቁም። ነገር ግን ያለ አግባብ የተባረረ፣ ትርፍ ሰዓቱን የተቀማ፣ አቤት በማለቱ ጥርስ የተነከሰበት ሠራተኛ በዚያ ቋንቋ ሊናገረው የሚገባው ነገር በሙሉ ከአፋቸው እንደ ሐምሌ ዝናብ ይወርዳል።

«ቲማቲም አያባርርህም፤» ይላሉ ሲፎገሩ። «ቲማቲም ውል አያስፈርምህም። እኔ የተማርኩት የሚያስፈልገውን ነው።»

የፊዮርዳሊሳ አውራ ዶሮ ገና ሰማዩ ሳይገረጣ የጮኸ እንደሆነ ጠዋቱን ባንኮኒው ላይ ክርናቸውን ተክለው፣ «ይሄ ዶሮ ትርፍ ሰዓት እየሠራ ነው፤ ማን ፈቀደለት?» ይላሉ። በረዶ የሚያመላልሰውን ሰውዬ ጀርባው እስኪደርቅ አቁመው ስለ ወገብ ሕመም ካሳ ያብራሩለታል፤ በረዶው ቀልጦ ያልቃል፤ ማብራሪያው አያልቅም። ለሁሉም መዝጊያቸው አንድ ነው፦ «ሳታነብ እንዳትፈርም!» አንድ ጊዜ ይህንኑ ለሚጠመቅ ሕፃን ብለዋል። ልጁ ገና አርባ ቀኑ ነበር።

የሞተር ታክሲ ነጂው ቻጎ፣ «ፕሮፌሰር፣ ልጁ አጥምቀኝ ብሎ ነው እንጂ ቅጠረኝ አላለም እኮ!» ቢላቸው፣

«ዕድሜ ልክ ነው የሚያስገቡት፣ ቻጎ። ቢያንስ የመውጫ አንቀጽ ይኑረው!» አሉት።

ትምህርት ቤታቸው የዶሚኖ ጠረጴዛ ነው። ከሰዓት በኋላ መብራት ሲሄድ (በናጉዋ የሚሄድበትን ሰዓት ከመጠየቅ የሚመጣበትን መጠየቅ ይቀላል) ከሱቁ ፊት ካለው ዛፍ ሥር ጠረጴዛው ይዘረጋል። ሕጉ የእሳቸው ነው፦ ባለ ነጥቡን የዶሚኖ ጠጠር የሚጥል ሰው ጠጠሩ ከእንጨቱ ጋር ሳይላተም አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከነትርጉሙ መጮህ አለበት። «ግሪቫንስ! የቅሬታ አቤቱታ!» ጓ! «ሴቨራንስ! የስንብት ክፍያ!» ጓ! ድርብ ስድስት ያለ አግባብ ከሥራ መባረር ነው፤ ከባድ ነውና እጁ ላይ እንዲቀርበት የሚፈልግ የለም። ድርብ ባዶ ውል የሌለው ሠራተኛ ነው። ከሩቅ የሚያልፍ መንገደኛ ሰዎቹ ፍርድ ቤት ውስጥ እየተደባደቡ ይመስለዋል።

ግን ይሠራ ነበር። ወደ ሰሜን ሊሄድ የተነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይቀመጣል። ከዚያ ጠረጴዛ ተነስቶ አውሮፕላን ያልተሳፈረ ወንበሮቹ ብቻ ናቸው።

ሁለት ነገሮች ግን በጠረጴዛው ላይ ክልክል ነበሩ። አንዱን ቻጎ ሳያውቅ ጠየቀ።

«ፕሮፌሰር፣ ‹መብቴን ትቻለሁ› በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?»

ዶን ኤሊሂዮ ጠጠሮቻቸውን አስቀመጡ። ክራቫታቸውን ፈታ አደረጉ፤ ይህ ሲሆን የታየው ያን ቀን ብቻ ነው።

«እሱን እኔ አላስተምርህም! እሱን እነሱ ራሳቸው፣ በነፃ፣ ከፈገግታ ጋር ያስተምሩሃል!»

ሁለተኛው ክልክል ፓስ ነው። በዶሚኖ የሚጣል ጠጠር የሌለው ሰው ጠረጴዛውን በጣቱ አንጓ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ አድርጎ ያልፋል። ይህ ደንብ ነው። የሚጣል እያለው ፓስ ከሚል ሰው ጋር ግን በናጉዋ ከእንግዲህ ማን ይቀመጣል? ለዶን ኤሊሂዮ ደግሞ እውነተኛው ፓስ እንኳ ጨጓራቸውን ያቃጥላቸዋል። የግዳቸውን ሲያንኳኩ የራሳቸውን ስንብት የሚፈርሙ ይመስላሉ።

ፊት ለፊታቸው የምትቀመጠው ፊዮርዳሊሳ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ አጣማሪያቸው እሷ ሆናለች። በዶሚኖ፣ ሁለት ለሁለት ነውና፣ አጣማሪህን ማናገር አይፈቀድም፤ ዓይን መጥቀስ አይፈቀድም፤ ማሳል እንኳ ያስጠረጥራል። የምታውቀው ከጣለውና ካስቀረው ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ዓመታት ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ስለያዙት አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ፣ አንዱ የሌላውን እጅ ሲያነብ ኖሩ። ፊዮርዳሊሳ ከሱቋ መደርደሪያ ይልቅ እሳቸው የያዙትን ታውቃለች። ቀሪውን አታውቅም። እሳቸውም አልተናገሩም።

አንድ ነገር ግን ያንገበግባት ነበር። ሰፈሩ ሁሉ የሄደው ባንኮኒዋን ተደግፎ ነው። ለሁሉም የኮኮናት ጣፋጩን የጠቀለለችው እሷ ናት፤ እጇን ያውለበለበችው እሷ ናት። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እጅ የሚውለበለብላት ሰው መሆን አማራት። ባሕሩን ታያለች፤ ማዶው ምን ይሆን ትላለች፤ ከዚያ አንዱ «እትዬ ፊዮር፣ የቲማቲም ድልህ አንድ ማንኪያ!» ይላታል።

ያን ዓመት ማዕበል የሱቁን ቆርቆሮ ገንጥሎ ወሰደ። ዕቃው በስብሶ፣ ሰማዩ ከመደርደሪያው በላይ ተንጣሎ ሳለ፣ ሰሜን ያለ አንድ የባሕር ዳር ሆቴል ለቱሪስት ወቅት ብቻ አጣቢዎች እንደሚፈልግ ሰማች። ቃለ መጠይቁ በስልክ ነው። በእንግሊዝኛ።

«አስተምሩኝ፤» አለቻቸው።

ቻጎ ከሞተሩ ሳይወርድ ሳቀ። «ፕሮፌሰር፣ ይቺን እንኳ በደንብ አያስተምሯትም መቼስ! እሷ ከሄደች ፊት ለፊትዎ ማን ሊቀመጥ ነው? እኔ?»

«ቻጎ፣ ሞተርህን ንዳ!»

ማንንም እንደዚያ አላስተማሩም። መብራት ቢኖርም ባይኖርም፣ ድምፃቸው እስኪሰልል፣ «እንደገና! ብቀላ በእንግሊዝኛ!» ይሏታል። «ሪታሊዬሽን! ስለ መብቴ በመጠየቄ የሚደርስብኝ በደል!» ጓ! ጎበዝ ተማሪ ሆነች። እሷ በጎበዘች ቁጥር የሳቸው ክራቫት እየጠበቀ ሄደ።

የሆቴሉ ሰውዬ ሲደውል፣ እሱ ከጠየቃት የጠየቀችው በለጠ። የምግብ ሰዓቱ ስንት ነው፣ ትርፍ ሰዓት እንዴት ይታሰባል፣ ስመለስ ቦታዬ ይጠበቃል ወይ። ሰውዬው የት እንደተማረች ጠየቃት። «ዶሚኖ ላይ፤» አለችው። የኮሌጅ ስም መስሎት በአክብሮት ጻፈው።

በመሄጃዋ ዋዜማ፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የስንብት ጨዋታ ተደረገ። ሰፈሩ ዙሪያውን ቆመ፤ ቻጎ ከተቃራኒው ወገን ተቀመጠ። ቃላቱ ጮኹ፤ ጠጠሮቹ ጓ ጓ አሉ። በመጨረሻ ዶን ኤሊሂዮ እጅ ላይ አንድ ጠጠር ብቻ ቀረ። ፊዮርዳሊሳ ጠረጴዛውን አየችና ዓይኗን ሳትነቅል አነበበችው፦ አምስት ባዶ። ሌሎቹ አምስቶች በሙሉ ወጥተዋል፤ የተደረደሩት ጠጠሮች አንዱ ጫፍ ደግሞ አምስት ነው፤ ይገጥማል። ቢጥሏት ሁለቱ አሸንፈው ጨዋታው ያልቃል። ሰው ይበተናል። እሷም ሻንጣዋን ልትዘጋ ትነሳለች።

ዶን ኤሊሂዮ ጠጠሯን አዩ። እሷን አዩ።

ኳ ኳ።

«ፓስ?» አለ ቻጎ፤ ሞተሩ ሲነሳ እንኳ እንደዚያ አልጮኸም። «ፕሮፌሰር ፓስ አሉ! ቀኑን መዝግቡልኝ!»

ዙሩ ዞሮ መጣ። ጫፉ አሁንም አምስት ነው። ኳ ኳ። በሚቀጥለው ዙር ቻጎ የመጨረሻ ጠጠሩን ጥሎ ወንበሩ ላይ ቆሞ ጨፈረ። ሁሉም ወደ እሱ ሲዞር ዶን ኤሊሂዮ ጠጠራቸውን በመዳፋቸው ከድነው ወደ ክምሩ ሊደባልቁ ሲሉ ፊዮርዳሊሳ እጇን በእጃቸው ላይ ጫነች። ገለበጠችው። ማንም ሳያይ ጠጠሯን በጡጫዋ ዋጠቻት።

«ዶን ኤሊሂዮ፣ ይሄ እኮ እጅዎ ላይ ነበር።»

«አላየሁትም። መነጽሬን...»

«መነጽርዎ አፍንጫዎ ላይ ነው።»

ክራቫታቸውን ነካኩ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ተነግሮ የማያውቅ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አሉ።

«ምን ማለት ነው?»

«አላስተማርኩሽም።»

ማስተርጎም አላስፈለጋትም። ጠረጴዛው ላይ የተከለከለው ቃል ቻጎ ያኔ የጠየቀው ብቻ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አምስት ባዶዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በማግስቱ ሄደች፤ እጅ ተውለበለበላት። ካሰበችው በላይ ያማል።

ሆቴሉ ምድር ቤት መስኮት የለም። እንፋሎት፣ አንሶላ፣ እንፋሎት። ከላይ የሚወርደው እንግሊዝኛ ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ቲማቲም የሚጠይቅህ ሰው የለም። አንድ ሰው ዕድሜውን እዚህ ሲጨርስ የትኞቹን ቃላት እንደሚያጠራቅም ያን ጊዜ ገባት። ከእንፋሎቱ መሃል በአሥር ጣቱ አንሶላ ሲያጥፍ፣ ገና ወጣት፣ ገና ክራቫት የሌለው ሰው የምታይ ይመስላት ጀመር። ስሙን ልትጠራው ትልና ትተዋለች።

አንድ ቀን በእረፍቷ ሱቁ ጋ ደወለች። ያነሳችው ሱቁን የምትጠብቅላት የአክስቷ ልጅ ሚልኬያ ናት፤ ከኋላዋ ጩኸት ነው።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«አትጠይቂኝ፣ እህቴ! አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ዶሚኖ የለም። አንድ ጠጠር ጎደለ ተባለ። ቻጎ ዛሬ አዲስ ይዞ መጣ፤ ሰውዬሽ አላስነካም ብለዋል!»

ድምፃቸው በመስመሩ ውስጥ ጥርት ብሎ ደረሰ። «ሠራተኛዋ ፈቃድ ላይ ናት! ቦታዋ ይጠበቃል! እሷን መተካት ሕገ ወጥ ነው! ወንበሩን ልቀቅ!»

«ተቀምጫለሁ እንጂ ተቀጥሬያለሁ አልኩ?» ይላል ቻጎ።

«ስጪልኝ፤» አለች ፊዮርዳሊሳ።

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ጉሮሮ ተጠረገ።

«ሃሎ። በሥራ ሰዓት ነው የምትደውዪው?»

«እረፍት ላይ ነኝ፣ ዶን ኤሊሂዮ።»

«እረፍትሽ የራስሽ ነው። አንዲት ደቂቃ እንኳ ለማንም እንዳትሰጪ። አስተምሬሻለሁ።»

«ለእርስዎ ሰጠሁት እኮ።»

በመስመሩ ውስጥ ባሕሩ ተሰማት። የቻጎ ሞተር ተሰማት። ያ ዶሮ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም ሳይፈቅድለት ይጮሃል።

«አንድ ነገር ይበሉኝ እንጂ፤» አለች።

ለሁሉ ነገር ቃል ካላቸው ሰው ዘንድ፣ ከባሕሩ ወዲያ ማዶ፣ ጣት በእንጨት ላይ ሁለት ጊዜ ሲያንኳኳ ሰማች።

ኳ ኳ።

ፊዮርዳሊሳ እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከታ አምስት ባዶዋን ጨበጠች። እጃቸው ላይ ምን እንዳለ ታውቃለች።