ሃያ ሦስት ሰርቨሮችና አንድ ጃኬት

በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ውስጥ ታላላቅ ቀኖች ሁለት ነበሩ። አንደኛው አሳንሰሩ የተመረቀበት ቀን ሲሆን ሁለተኛው አሳንሰሩ የተበላሸበት፣ ማለትም በማግስቱ ያለው ቀን ነው። በዚህ ዓመት ግን ሦስተኛ ተጨመረላቸው። ፈቃድ በማደስ የሚታወቀው ይህ አንጋፋ ተቋም «ከአካላዊ ወደ ምናባዊ የመሸጋገር ስትራቴጂካዊ ርምጃ» ወሰደ። በአጭሩ፣ ሃያ ሦስት ሰርቨሮች የሚሠሩትን ሥራ በአንድ ጉልበታም ማሽን ውስጥ ከተተው።

ርምጃው የተቋሙ ይሁን እንጂ በእግሩ የተራመደው አንድ ሰው ነው፤ ባልደረቦቹ «ብርዱ» የሚሉት የሰርቨር ክፍሉ ባለሙያ። ማሽኖቹ እንዳይግሉ ተብሎ ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ እንደ በረዶ ቤት ስለሚቀዘቅዝ፣ ብርዱ ክረምት ከበጋ ወፍራም ጥቁር ጃኬት ሳይለብስ ታይቶ አይታወቅም።

ይህ ጃኬት ከባልደረቦቹ የሚለየው ነገር ነበር። በመሥሪያ ቤቱ ማንም ያልጻፈው ሁሉም የሚያከብረው አንድ ሥርዓት አለ፤ ኮቱ ወንበሩ ላይ የተሰቀለ ሠራተኛ በሥራ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። ባለጉዳይ መጥቶ «የሉም እንዴ?» ቢል፣ ከጎን ጠረጴዛ ያለው ሰው ቀና ሳይል «አሁን እዚህ ነበሩ፤ ኮታቸው አለ» ይለዋል። ባለጉዳዩም ኮቱን አይቶ ይጽናናል። ምክትል ሥራ አስኪያጁ ለዚሁ አገልግሎት ብቻ የተመደበ ግራጫ ኮት ነበራቸው። ኮቱ አርፍዶ ገብቶ አያውቅም፤ ቀድሞም ወጥቶ አያውቅም። ብርዱ ግን ጃኬቱን ካወለቀ ያንቀጠቅጠዋል። በዚህ የተነሣ በሕንፃው ውስጥ ኮቱ ባለበት እሱም የሚገኝ ብቸኛው ሠራተኛ ሆኖ ቀረ።

ሥራ አስኪያጁ ሽግግሩን በዓይናቸው ሊያዩ ወደ ክፍሉ የወረዱ ዕለት ብርዱ በትዕግሥት አስረዳቸው።

«ሃያ ሦስቱም እዚህ አንዱ ውስጥ ገቡ ነው የምትለኝ?»

«ሥራቸው ነው የገባው፣ አለቃ። ይሄኛው ጉልበታም ስለሆነ የሁሉንም ብቻውን ይሠራል።»

«አይጣበቡም?»

«አይተያዩም እኮ። አንድ ግቢ ውስጥ እንዳሉ ተከራዮች ይቁጠሯቸው። ልዩነቱ፣ እያንዳንዱ ግቢው በሙሉ የኔ ነው ብሎ ነው የሚያስበው።»

ሥራ አስኪያጁ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንደ ክፍል ኃላፊዎቼ በለኛ» አሉ።

በምረቃው ዕለት ሪባን ቆርጠው ባደረጉት ንግግር «ከእንግዲህ ተቋማችን በማይታይ፣ በማይዳሰስና በማይቆጠር ሀብት የበለጸገ ይሆናል» ሲሉ ጭብጨባው የሞቀ ነበር። «የማይቆጠር» የምትለዋን ቃል የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ሰምተው ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። እሳቸው ግን የዓመት ፈቃድ ላይ ነበሩ።

በማግስቱ ምንም አልሆነም። በዚህ ሙያ ከዚህ የሚበልጥ ድል የለም፤ ምንም ስላልሆነም ያመሰገነ ሰው አልነበረም። ብርዱም ምስጋናውን አልጠበቀም። ልቡ ሌላ ከተማ ነው። ሚስቱ በሥራ ከተዛወረች አራት ዓመቷ ነው። እዚያ የተወለደችው ልጃቸው ሦስት ዓመት ከመንፈቋ ሲሆን አባቷን በደንብ የምታውቀው በስልክ ነው። የሕፃናት መዋያዋ ውስጥ «አባትሽ የት ነው የሚኖረው?» ተብላ ስትጠየቅ «ስልክ ውስጥ» ብላለች። ባትሪ ሲያልቅ ተኛ፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ደግሞ አመመው ትላለች።

አሁን ግን ዝውውሩ ተፈቅዷል። ሰኞ ጠዋት ክሊራንሱን ይዞ አዲሱ ቢሮ ከተገኘ ቦታው የሱ ነው። ካልተገኘ ቀጥሎ ለተሰለፈው ይሰጣል። ክሊራንስ ማለት በስሙ የተመዘገበ አንዳች ዕቃ እንደሌለ አሥራ አንድ ሰዎች የሚፈርሙበት ወረቀት ነው። ሐሙስ ጠዋት አሥሩን ጨረሰ። መሥሪያ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የለውም፤ የቤተ መጻሕፍት ፊርማ ግን ይጠይቃል። አሳንሰሩ ከተበላሸ ወዲህ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ የተመደበው የአሳንሰር ሠራተኛ፣ ብርዱ መጽሐፍ እንዳልተዋሰ በሙሉ እምነት ፈረመለት።

«አንድ ፊርማ ቀረኝ» አላት ሚስቱን በምሳ ሰዓት ደውሎ።

«የማን?»

«የእትዬ ቁጥር።»

«በል ጃኬትህን ደርብ» አለችው ሚስቱ።

እትዬ ቁጥር የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሕንፃው ያለውን ወንበር፣ ጠረጴዛና ቅርጫት ሁሉ ቁጥር ለጥፈውበታል።

«ሃያ ሦስት ሰርቨር በስምህ አለ» አሉት የንብረት ካርዱን በጣታቸው እየተከተሉ። «አስረክበኝና ጨርስ።»

«እትዬ፣ እነሱ እኮ አሁን ምናባዊ ሆነዋል።»

«ምን ሆነዋል?»

«ምናባዊ። አሉ፤ ግን አይታዩም።»

እትዬ ቁጥር መነጽራቸውን አወለቁ። «የኔ ልጅ፣ አለ ግን አይታይም ያሉኝን ሰዎች አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ። ዛሬ እነሱም አይታዩም።»

«አሮጌዎቹ ማሽኖች አሉ እኮ፤ ባዷቸውን ተደርድረዋል።»

«ታዲያ እሱን አትልም?»

መዝገባቸውን ታቅፈው ወረዱ። ክፍሉ ጸጥ ብሏል፤ ሃያ ሦስቱ ማሽኖች ጠፍተው ተኝተዋል። እትዬ ቁጥር ካርዱን እንደገና አነበቡ። «በሥራ ላይ ያለ ነው የሚለው። እኔ የሞተ አልረከብም።»

ብርዱ ከአዲሱ ጋር እንዳይጋጩ የኔትወርክ ገመዳቸውን ነቅሎ ሃያ ሦስቱንም አበራቸው። ክፍሉ እንደ ወፍጮ ቤት አጓራ። አረንጓዴ መብራቶች ብልጭ ድርግም አሉ። ሙቀቱ ስለጨመረ ሁለተኛው ማቀዝቀዣም ተነሣ። የእትዬ ቁጥር ፊት በራ።

«ምንድን ነው የሚሠሩት?» ብለው ጆሮው ሥር ጮኹ።

«ምንም።»

«ሲያምሩ። እንዳታጠፋቸው።»

ቆጠሩ፤ ሃያ ሦስት። ብዕራቸውን ሊያነሡ ሲሉ ዓይናቸው ጥግ ላይ ድምፁን አጥፍቶ የቆመ ቀጭን ማሽን ላይ አረፈ።

«ይሄስ?»

«ሁሉ ነገር ያለው እሱ ውስጥ ነው፣ እትዬ።»

«ቁጥሩ?»

«የለውም። እርስዎ ፈቃድ ላይ እያሉ ነው የገባው፤ ለምረቃው ተቻኩሎ።»

«ቁጥር ከሌለው የለም።»

«አለ እኮ። ይኸው ይታያል።»

«ቅድም የማይታየውን አለ አልከኝ። አሁን የሚታየውን አለ ትለኛለህ። አንዱን ምረጥ።»

መመሪያው ግልጽ ነበር፤ ቁጥር የሌለው ዕቃ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ወርዶ ሳይመዘገብ ክፍሉ ውስጥ አይቆይም። «ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ተሸካሚዎች ይመጣሉ» አሉ እትዬ ቁጥር። «እሱ ሲወጣ እፈርምልሃለሁ።»

ብርዱ ዝም ብሎ ፊርማውን መጠበቅ ይችል ነበር። ግን ሃያ ሦስቱን ተከራዮች አንድ በአንድ ያስገባቸው እሱ ነውና ሆዱ አልቻለም። «ይህ ማሽን ከተነቀለ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ይቆማል» ብሎ ለሥራ አስኪያጁ ጻፈ። ሥራ አስኪያጁ ስለ ምናባዊ አመራር ወደሚሰጥ ሥልጠና ሊሄዱ መኪና ውስጥ ነበሩ፤ በመስኮት ተቀብለው ጠርዙ ላይ በቀይ ጻፉበት፦ «ለምክትል ሥራ አስኪያጁ። እጅግ አስቸኳይ። አሁኑኑ ይታገድ።»

ብርዱ ወደ ምክትሉ ቢሮ ሮጠ።

«የሉም?» አላት ጸሐፊዋን።

«አሁን እዚህ ነበሩ» አለች። «ኮታቸው አለ።»

ደብዳቤው በግራጫው ኮት ፊት ለፊት ተቀመጠ። ኮቱም እንደ ወትሮው በጽሞና ተመለከተው።

ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ተሸካሚዎቹ መጡ። ብርዱ ተከራዮቹን አንድ በአንድ በክብር ዘጋቸው፤ ማሽኑም በሁለት ሰው ትከሻ ወጣ። ሲስተሙ ቀጥ አለ። ባለጉዳዮች ግን ይህን ያወቁት ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ በአገልግሎት መስኮቶቹ ላይ ከወትሮው የተለየ ነገር አላዩም።

እትዬ ቁጥር በቃላቸው ጸንተው ፈረሙ። ብርዱ አሥራ አንድ ፊርማ ይዞ ለመጨረሻው ምዝገባ ወደ ሠራተኛ አስተዳደር በረረ።

«ሲስተም የለም» አለው መዝጋቢው።

«በእጅ ጻፍልኛ።»

«የእጅ መዝገቡን አንተው አይደለህ ሲስተም ውስጥ የከተትከው?»

«መቼ ይመጣል ታዲያ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ?»

ወደ ግምጃ ቤቱ ወረደ። እትዬ ቁጥር ለማሽኑ ቁጥር ሰጥተውት፣ አቧራውንም ጠርገውለት ነበር። «አሁን አለ» አሉ በኩራት። «ፈርመህ ውሰደው።»

ብርዱ ብዕሩን ካነሣ በኋላ እጁ አየር ላይ ቀረ። ከፈረመ ማሽኑ በስሙ ይገባል፤ በስሙ ዕቃ ካለ ክሊራንሱ ይሰረዛል። ካልፈረመ ማሽኑ አይመለስም፤ ማሽኑ ካልተመለሰ ክሊራንሱ አይመዘገብም።

«ሌላ ሰው ቢረከበውስ?»

«ማንም ይሁን። ብቻ በሥራ ገበታው ላይ የተገኘ ሰው ይሁን።»

ብርዱ ሦስቱን ፎቅ በደረጃ ዞረ። ዓርብ ከሰዓት ነው። በየክፍሉ ኮቶች ተቀምጠዋል፤ ቡናማ ኮት፣ ባለመስመር ኮት፣ እጅጌው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የሚጽፍ የሚመስል ኮት። አሥራ አራት ኮት ቆጠረ። ሰው አልቆጠረም። ግራጫው ኮት ዘንድ ሲደርስ ስልኩ ጮኸ።

«አባዬ» አለች ልጁ፣ ግንባሯ ብቻ እየታየ። «ሰኞ ከስልኩ ትወጣለህ አለች እማዬ። እውነት ነው?»

«እወጣለሁ።»

«በየት በኩል?»

«ስመጣ እነግርሻለሁ» አላት። ስልኩን ዘግቶ ግራጫውን ኮት ትኩር ብሎ አየው። ቀስ በቀስ የሙያ አክብሮት ያዘው። እሱ ሃያ ሦስት ማሽኖችን ምናባዊ ለማድረግ ስምንት ወር ፈጅቶበታል። እነዚህ ሰዎች ግን ያለ ሥልጠና፣ ያለ በጀት፣ ያለ ሪባን ራሳቸውን ምናባዊ ካደረጉ ስንት ዓመታቸው። አካላቸው ጉዳዩን ይዞ ይሄዳል፤ ሥራቸው ወንበሩ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።

ወደ ሰርቨር ክፍሉ ወርዶ ጃኬቱን አወለቀና ወንበሩ ላይ ሰቀለው። ከዚያ በሸሚዝ እየተንቀጠቀጠ ወደ እትዬ ቁጥር ሄደ።

«ተረካቢ ተገኘ።»

«ማን?»

«የሰርቨር ክፍሉ ባለሙያ።»

«እሱ አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እኔ እኮ ተዛውሬያለሁ፤ ፈርመውልኛል።»

«ታዲያ ባለሙያው የት አለ?»

ብርዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «አሁን እዚህ ነበር» አለ። «ጃኬቱ አለ።»

እትዬ ቁጥር ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። መዝገባቸውን ታቅፈው ወደ ሰርቨር ክፍሉ ሄዱ። ጃኬቱን ዞሩት፤ ኮሌታውን ገለጡ፤ ኪሱን ዳበሱ። ሃያ ሦስቱ ባዶ ማሽኖች ያጓራሉ።

«ልጅህ ስንት ዓመቷ ነው?» አሉ ጀርባቸውን እንደሰጡት።

«ሦስት ተኩል።»

«ትልቅ ሆናለቻ።» ከመዝገባቸው መካከል አንድ ቁጥር ላጥ አደረጉና ኮሌታው ሥር ለጠፉ፤ በአውራ ጣታቸውም ደህና አድርገው ተጫኑት። «ይሄ እንኳ ይለጠፍበታል» አሉ። ካርዱ ላይም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሞሉ፦ «ተረካቢ፦ የክፍሉ ባለሙያ። በሥራ ገበታው ላይ ስለመገኘቱ፦ ጃኬቱ በቦታው አለ።»

ማሽኑ ተመለሰ። ብርዱ ተከራዮቹን አንድ በአንድ ቀሰቀሳቸው፤ ግቢው በሙሉ የኛ ነው ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ለአሥራ አንድ ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ክሊራንሱ ተመዘገበ።

እሑድ በር ላይ ሲደርስ ልጁ መጀመሪያ ያየችው እናቷ እጅ ላይ ያለውን ስልክ ነው። ስልኩ ጠፍቷል። ከዚያ ቀና ብላ እሱን አየችው፤ ጫማውን፣ እጁን፣ ፊቱን።

«እንዴት ወጣህ?» አለችው።

«ጃኬቴን ትቼ።»

መሥሪያ ቤቱም አልተጎዳም። ሃያ ሦስቱ ማሽኖች ምንም ባለመሥራት ቀንና ሌሊት እየተጉ ነው፤ ለጉብኝት የሚመጡ እንግዶችም በድምፃቸው እጅግ ይደነቃሉ። በዓመቱ መጨረሻ በተደረገው የሠራተኞች ምዘና የሰርቨር ክፍሉ ባለሙያ አንድም ቀን ባለመቅረት፣ አንድም ቅሬታ ባለማንሣትና በብርድ ውስጥ ሳይንቀሳቀስ በመጽናት አንደኛ ወጣ። የምስክር ወረቀቱም ጃኬቱ ኪስ ውስጥ በክብር ተቀመጠለት። ሁለተኛ የወጣው ግራጫው ኮት በውጤቱ ላይ ቅሬታ አስገብቷል። ጉዳዩን የሚያጣራ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴም በአስቸኳይ ተሰይሟል።

አባላቱ አሁን እዚህ ነበሩ።