በባዶ ሆድ የማይለካ ጉርድ

የሰው ልጅ ሆድ የራሱ መሥሪያ ቤት የሚመስለው ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ካለም ገና ሰው አልገባበትም። አንዳንዱ ሰፈር ይህን ሥልጣን ለባለሱቁ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ለጡረተኛ መምህር። እኛ ሰፈር ግን ሥልጣኑ ያለው በልብስ ሰፊዋ፣ በክብርት እትዬ ሜትር እጅ ነው። ማን ሾማቸው? ማንም። ማን ይሽራቸዋል? ደፋር ካለ ይሞክራ!

እትዬ ሜትር የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ድምፁ መጎርነን ከጀመረው ጀምሮ ጢሜ በቀለ ብሎ ከመስታወት ፊት እስከማይጠፋው ድረስ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እሳቸው ፊት በርጩማ ላይ ይቆማል። ከአንገታቸው የማትወርደው ቢጫ ሜትር ደረት ትዞራለች፣ ወገብ ትይዛለች፣ ክንድ ትወርዳለች። ሐኪም ደም ካልቀዳ አያውቅም፤ እሳቸው ክንድ ይበቃቸዋል። ያለፈው ዓመት ልክ በሙሉ ጭንቅላታቸው ውስጥ ስላለ፣ ልጁ ምን በልቶ እንደከረመ በሴንቲሜትር ያነቡታል። ውጤቱን በጆሮ የሚያንሾካሹኩ እንዳይመስላችሁ። መንገድ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት እንዲሰማ አድርገው ነው የሚያውጁት።

“ክንድህ አራት ሴንቲ ሄዷል፣ ደረትህ ወሬውም አልደረሰው!” አሉት አንድ ቀን የታክሲ ሹፌሩን ልጅ። “በብስኩትና በለስላሳ ነው እንዴ የምትረዝመው?”

ልጁ ከበርጩማው ወርዶ አባቱ ኋላ ተሸሸገ። አባትየው ሱሪ ሊያሰፋ እንጂ ችሎት ሊቀርብ አልመጣም ነበር፤ ተራው ግን ወዲያው ደረሰው።

“ወተት ይጠጣል?”

“ሻይ ይጠጣል።”

“ምግቡን እየበላ?”

“ታዲያ ሻይ ያለ ምግብ ምን ያደርጋል፣ እትዬ?”

“ጎሽ! ምስር በልቶ ብረት ሊያገኝ ሲል፣ ሻይህ ከኋላ ገብቶ ያባርርለታል። በአንድ በር አስገብተህ በሌላው እያስወጣህ፣ ልጄ ለምን ከሳ ትላለህ!”

ይህ ሁሉ ዕውቀት ከየት መጣ ቢሉ፣ ከግድግዳቸው ነው። አንዲት ነርስ ጋዋኗን ልታሰፋ መጥታ፣ ከአሥር እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ልጆች ምን መመገብ እንዳለባቸው የሚናገር ትልቅ ፖስተር ሰጠቻቸው። እትዬ ሜትር በቃላቸው ይዘውታል። ችግሩ፣ አንድ ቀን የንድፍ ወረቀት አልቆባቸው ከፖስተሩ ላይ የኮሌታ ቅርጽ ቆርጠው አወጡበት። ስለዚህ ፕሮቲን፣ ብረትና ካልሲየም ደህና ናቸው፤ ከቫይታሚን ግን የተረፈችው “ቫ” ብቻ ናት። ስለ ቫይታሚን ሲጠየቁ ክር በምራቃቸው አርጥበው መርፌ ውስጥ ማስገባት ይጀምራሉ፤ ጠያቂው እስኪሄድም አይጨርሱም።

ልጆቹ ብዙ ብልሃት ሞክረዋል። መንትዮቹ የአናጢው ልጆች አንድ ጊዜ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ደረታቸውን እንደ እርግብ ነፍተው ቆሙላቸው። እትዬ ሜትር ሜትሯን ዘርግተው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ጠበቁ። አንደኛው ቀላ፣ ሁለተኛው ጠቆረ። “ተንፍሱ በሉ፣” አሉ በመጨረሻ፣ “እኔ አየር አልለካም።” ከዚያ ወዲህ መንትዮቹ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ራሳቸው እየመጡ እትዬ ሜትር ገበታ ላይ ይቀመጣሉ፤ ክሱ አይቀርም፣ ቢያንስ ምሳው አይቅርብን ብለው።

በጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴው ልጅ ጊዜ ግን እትዬ ሜትር ምንም አላወጁም።

ልጅቱ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የሰፈሩ ልጆች “እስክሪብቶ” ይሏታል። ስሙ የወጣላት በአባቷ ሱቅ ምክንያት ነበር፤ አሁን አሁን ግን እሷ ራሷ እየቀጠነች ስሙን እውነት ለማድረግ የተጣደፈች መሰለች። ጉርዷን በክንዷ አንጠልጥላ መጣች።

“እትዬ፣ ወገቡን ያጥብቡልኝ።”

“ባለፈው ወር አጠበብኩት እኮ።”

“ሰፋ።”

“ጨርቅ እንደ ዱባ አያድግም፣ ልጄ።”

“ሃምሳ ስምንት ይሁንልኝ፣ በሞቴ። በሦስት ሳምንት የክፍል ፎቶ አለን። ቀጭን ወገብ ያላት መሐል ትቆማለች ተባብለናል።”

በርጩማው ላይ ስትወጣ ዓይኗ ጭልም አለና ወደ ጎን ዘመመች። እትዬ ሜትር ክንዷን ቀብ አደረጉ። አውራ ጣታቸውና መካከለኛ ጣታቸው ክንዷን ዞረው ተገናኙ። ይህ ለእሳቸው ከሜትር በላይ ነገር ነው።

“ምን በልተሻል?”

“በልቻለሁ።”

“ምን?”

“ምግብ።”

ምን በላህ ሲባል “ምግብ” ብሎ የመለሰ፣ በእርግጥም የበላ ሰው፣ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ የለም። እትዬ ሜትር ይህን ያውቃሉ። ማዶውን ሲመለከቱ ደግሞ “ፈጣኑ” የሚባለውን ተቀናቃኛቸውን ልብስ ሰፊ አዩ፤ ካዘዙት በአሥር ደቂቃ ጠረጴዛም የሚያጠብብ ሰው ነው። እንቢ ቢሏት ወደ እሱ ትሻገራለች። ቢጮሁባት ዳግመኛ ዓይኗንም አያዩትም። ስለዚህ መነጽራቸውን ጠርገው፣ በዚያው ቅጽበት አዲስ ሕግ አወጡ።

“እሺ፣ ይጠባል። ግን ልብስ በባዶ ሆድ አይለካም።”

“እንዴ! ይሄ ሕግ መቼ መጣ? ባለፈው ጊዜ አልነበረም እኮ።”

“ባለፈው ጊዜ ረስቼው ነው፤ ለዚያ አይደል የሰፋብሽ! ባዶ ሆድ ውሸታም ነው፣ ሜትር ያሳስታል። ልክክ ያለ ወገብ ትፈልጊ የለ?”

ልጅቱ ከሕጉ ጋር ተከራክራ ስላልቻለች፣ ለሜትሩ ሲባል ግማሽ የተቀቀለ እንቁላል በላች። ተለካች። ነገ ነይ ተባለች።

በነጋው ዚፑ ተጣሞ ጠበቃት። እትዬ ሜትር ራሳቸውን ይዘው “ምን ነካኝ!” አሉ። “በይ፣ እንደገና መለካት አለብሽ። ምሳ ቅመሽና በርጩማው ላይ ውጪ።” በሦስተኛው ቀን ዚፑ ቀና፣ የጉርዱ ጫፍ ግን በግራ በኩል ሁለት ሴንቲ ወረደ። በአራተኛው ግራው ሲስተካከል ቀኙ አኮረፈ። በአምስተኛው ቁልፉ በጀርባው ተተከለ፤ ይህን ማድረግ ደግሞ ልዩ ተሰጥኦ ይጠይቃል።

ለሌላ ሰው ማበላሸት ቀላል ነው። ለእትዬ ሜትር ግን መከራ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ ለክተው አንድ ጊዜ ሰፍተው የኖሩ ሰው ናቸው። እጃቸው ቀጥ ብሎ መሄድ ስለለመደ፣ ዚፕ ለማጣመም ዓይናቸውን መጨፈን ነበረባቸው። ጨፍነው ከፍተው ሲያዩት፣ ያው ቀጥ ብሎ ያገኙትና እየተራገሙ ይተረትሩታል።

ምሳው በበኩሉ እያደገ ሄደ። ግማሹ እንቁላል ሙሉ ሆነ። ምስር መጣ፣ ቆስጣ ተከተለ፣ በደቃቁ የተከተፈ ጉበት ማንነቱን ደብቆ ገባ። ስለ “ቫ” የሚያውቁት ነገር ስለሌለ፣ ጥንቃቄ አይከፋም ብለው በየቀኑ ብርቱካን ጨመሩበት። እስክሪብቶ መጀመሪያ ፊቷን አዙራ ነበር የምትበላው። ሳምንት ሳይሞላ ከመንትዮቹ ጋር መከራከር ጀመረች፤ በሁለተኛው ሳምንት የእነሱን ድርሻ መመልከት።

ወሬው ግን አላረፈም። “ለአንዲት ዚፕ ዘጠኝ ቀን!” ይላል ፈጣኑ በሩ ላይ ቆሞ፣ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ። “ዓይናቸው ሄዷል፤ እንጸልይላቸው እንጂ ምን ይባላል!” የታክሲ ሹፌሩ የልጁን ሱሪ ይዞ አንገቱን ደፍቶ ወደ ፈጣኑ ተሻገረ። እኛም፣ ምን ልደብቃችሁ፣ አንድ ሁለት ሸሚዝ ይዘን ተሻገርን። አንድ ቀን የጥንት ደንበኛቸው ጨርቅ ይዛ ገባች፤ ከመስቀያው ላይ ያንን የተንሻፈፈ ጉርድ አየች፣ ጨርቋን ቀስ ብላ ወደ ቦርሳዋ መለሰች፣ ስለ ጤናቸው ጠይቃ ወጣች። እትዬ ሜትር ጉርዱን አውርደው መቀሱን አነሡ። ሁለት ቀጥ ያሉ ስፌቶች ብቻ ስማቸውን ያድኑ ነበር። መቀሱን አስቀመጡና ሽንኩርት መክተፍ ጀመሩ።

በዚያው ሳምንት የእስክሪብቶ አባት እሳት ጎርሶ መጣ።

“እትዬ፣ አከብርዎታለሁ። ግን ለአንድ ጉርድ ሁለት ሳምንት? ልጄ ምሳ ሰዓቷን እዚህ ነው የምትጨርሰው አሉኝ! ምን እያደረገች ነው?”

እትዬ ሜትር ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው መጋረጃውን በትንሹ ገለጥ አደረጉለት። ልጁ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጣ፣ በአንድ እጇ ዳቦ ይዛ፣ በሌላው ከአንደኛው መንታ ጋር ሳህን ትጎትታለች። “ሌባ! የኔን እንቁላል ነው የበላኸው! እትዬ፣ እዩት!” አፏ ሙሉ ነው፣ አገጯ ላይ ምስር አለ።

አባትየው ሁለት ወር ሙሉ “በልቻለሁ” ስትለው ያመነ ሰው ነው። ሳህኗን መኝታ ክፍሏ ይዛ ስትገባ የምታጠና መስሎት ነበር። መጋረጃውን ራሱ መልሶ ዘጋ። ከዚያ ወደ መስቀያው ሄዶ፣ በሕይወቱ ዚፕ መርምሮ የማያውቅ ሰው፣ ጉርዱን አንሥቶ በብርሃን ተመለከተው።

“እትዬ… ይሄ ዚፕ አሁንም ትንሽ የተጣመመ መሰለኝ።”

“ይመስልሃል?”

“በጣም እንጂ! ይተርትሩት።”

በማግስቱ ልጁን ጤና ጣቢያ ወሰዳት፤ ደሟ ብረት አንሶታል ተባለ፣ መድኃኒትም ተሰጣት። ለጉርዱ ግን ማንም አልቸኮለም።

የፎቶው ዋዜማ ደረሰ። እስክሪብቶ ጉርዱን ለበሰች፣ ቁልፉን ሳበች፤ እንቢ አለ። ዓይኗ እንባ ሞላ። እትዬ ሜትር ተንበርክከው የወገቡን ስፌት በምላጭ ተረተሩት። ከውስጥ፣ ታጥፎ የተኛ ጨርቅ ወጣ፤ ከዚያም ሌላ እጥፋት። ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድም ሴንቲ አልተቆረጠም ነበር።

“አልቆረጡትም?”

“ገና ለምታድግ ልጅ ጨርቅ ይቆረጣል እንዴ!”

ልጅቱ ጨርቁን አየች፣ እሳቸውን አየች። “ያ ሁሉ ዚፕ… ሆን ብለው ነው!”

“እጄ አርጅቶ ነው።”

“ውሸት! ሰዉ ሁሉ እኮ ይስቅብዎታል! አሁን ሄጄ ለፈጣኑ በሩ ላይ ባልነግረው!”

“ትንፍሽ ብትዪ ወዮልሽ!” እትዬ ሜትር ክንዷን ያዙ፤ ጣቶቻቸው በዚህ ጊዜ አልተገናኙም። “ክፍልሽ ውስጥ ጉርድ የሚያስጠብቡ ስንት አሉ?”

ልጅቱ በልቧ ቆጠረች። “አራት።”

“አምጫቸው። ቀርፋፋ ናቸው፣ ግን እንደሳቸው የሚያጠብብ የለም በያቸው።”

በፎቶው ላይ እስክሪብቶ መሐል አልቆመችም። ዳር ላይ ሆና፣ ከጎኗ ያለችው ልጅ በነገረቻት ነገር ስትስቅ፣ ዓይኗን ጨፍና ነው የወጣችው። አባቷ ግን ሱቁ ውስጥ ከደብተሮቹ በላይ ሰቅሎታል።

ምስጢር እኛ ሰፈር ከምሳ በኋላ አይቆይም፤ ይህም አልቆየም። የታክሲ ሹፌሩ በጓሮ በር ሱሪውን መልሶ አመጣ፣ እኛም ሸሚዞቻችንን። ዛሬ የሰፈሩ ወላጅ ሁሉ ልብሱን የሚያሰፋው እሳቸው ጋ ነው፤ ስፌታቸውም በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ተማሪ ልጅ ባለበት ግን አንድ ሆነን ስማቸውን እናጠፋለን። “ኧረ እትዬ ሜትር! ለአንዲት ዚፕ አንድ ወር! ዓይናቸውም እኮ የለም!” አራቱ ልጆች ምንም ሳይጠረጥሩ እንዲመላለሱ ሌላ ዘዴ አላገኘንም። የሰው ስም ማጥፋት ኃጢአት ነው የሚል ካለ፣ ኃጢአቱን በየቤቱ ተከፋፍለን ይዘነዋል።

እናንተም ጉርዷ በየወሩ የሚሰፋባት ልጅ ካለቻችሁ፣ ወደ እኛ ሰፈር አምጧትና የከተማውን መጥፎ ልብስ ሰፊ ጠይቁ። ያገኛችሁት ሰው ሁሉ በኩራት ያሳያችኋል።