ድምፄ ቢጠፋ እኔ ተለቀሰልኝ

«ወራጅ አለ» ብሎ መናገር መቻል ትልቅ ጸጋ ነው። አትሳቁ። እኔ ይህን ያወቅሁት ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባጃጅ ተሳፍሬ ቤቴን አልፌ፣ ገበያውን አልፌ፣ እስከ መናኸሪያ የተወሰድኩ ቀን ነው። የባለ ባጃጁን ወንበር ከኋላ ደበደብኩት። ዘፈኑን የወደድኩለት መስሎት ጨመረው። ደግሜ ደበደብኩ፤ እሱም ደግሞ ጨመረ። መናኸሪያ ስንደርስ ዘወር ብሎ «ለመሆኑ ወዴት ነው የሚሄዱት፣ እትዬ?» አለኝ። አሁን በምን አፌ ልመልስለት? ወርጄ በእግሬ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ለቅሶውም ድምፅ አልነበረውም፤ ያየኝ ሰው ሁሉ ጉንፋን የያዘኝ ሳይመስለው አይቀርም።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ይታይሽ እባላለሁ፤ አስተማሪ ነኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ስልሳ፣ ሰባ ልጅ ፊት ቆሜ ጮኼአለሁ። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ከቆርቆሮው ጣሪያ ጋር እየተፎካከርኩ ጮኼአለሁ። ታዲያ አምና ድምፄ መሰንጠቅ ጀመረ። ጠዋት እሺ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ይጠፋል። ባሕር ዳር ሄጄ ጉሮሮዬን በካሜራ ቢያዩት፣ የድምፅ አውታሬ ላይ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ሁለት እባጮች ተቀምጠዋል። ከጩኸት የመጣ ነው አሉኝ። በአፌ በኩል ገብተው አነሱልኝ። ስነቃ ሐኪሙ ሁለት ሳምንት አንድም ቃል እንዳልተነፍስ አዘዘኝ። ሹክሹክታም ክልክል ነው አለ። እንዲያውም ሹክሹክታ ጉሮሮን የባሰ ያደክማል አለ። ባሌ ሙሉቀን አጠገቤ ነበር። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ደስታ ነው ብዬ አላማውም። ግን ሐዘንም አልነበረም።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። አባቴ ባይኖሩ።

አባባ ከቡሬ ወርዶ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ፣ ከወንድሜ ከገደፋው ጋር ይኖራሉ። ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ይታይሽ ማለት ለሳቸው ድምፄ ነው፤ ሌላ ምን ይዘዋል? እሁድ እሁድ ከቅዳሴ ሲመለሱ በገደፋው ስልክ እደውልላቸዋለሁ። አንድ እሁድ አሳልፌ አላውቅም። እና ከመታከሜ በፊት ባለው እሁድ ምን አልኳቸው መሰላችሁ? «ባሕር ዳር ሥልጠና አለብኝ፤ እዚያ ኔትወርክ ላይኖር ስለሚችል ብጠፋ እንዳያስቡ» አልኳቸው። ሽማግሌ ለምን ይጨነቅ ብዬ ነው። በኛ አገር ክፉ ወሬ ለሽማግሌ እንዲሁ በቁሙ አይነገርም፤ ይሸፋፈናል። እኔም ሸፋፈንኩት። የጥፋቱ ሁሉ መጀመሪያ ይህ ነው።

ቤት ገብቼ ደብተርና እስክሪብቶ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። ለሙሉቀን «ጨው አልቋል» ብዬ ጻፍኩለት። እስክሪብቶውን ተቀብሎ «እሺ» ብሎ ጻፈልኝ። ሰውዬው አፉ ጤነኛ ነው! ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ በጽሑፍ ተጨዋወትን። ሊጠይቁኝ የመጡት ጎረቤቶች ደግሞ የማልናገር ከሆንኩ የማልሰማም መስሏቸው ጆሮዬ ሥር ይጮሃሉ። አንዷ ማር፣ አንዷ ጤና አዳም፣ አንዷ ነጭ ሽንኩርት ይዛ መጣች። ሐኪሙ ውኃ ጠጪ ነው ያለኝ ብዬ ብጽፍላቸው፣ ውኃማ ሁሉም ቤት አለ ብለው ናቁት።

ሁለት ሳምንቱ አለቀ። ጠዋት ተነስቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። «አ» ልል ነው። አፌን ከፈትኩ። አየር ወጣ፤ አየር ብቻ። ደግሜ ሞከርኩ። ያው ነው። ያን ቀን ሠላሳ ጊዜ ሳልሞክር አልቀረሁም። ሐኪሙን በሙሉቀን ስልክ ስናስጠይቀው፣ አንዳንድ ሰው ላይ ይዘገያል፣ ይመጣል፣ ታገሺ አለ። መቼ? ከሰው ሰው ይለያያል አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ጊዜ ተስፋ ቆረጥኩ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ጓዳ እየገባሁ ባዶ አፌን እከፍትና እዘጋለሁ። በየጠዋቱም አንድ ሰው የሞተብኝ ያህል ሆኜ እወጣለሁ።

ፈቃዴ ስላለቀ ትምህርት ቤት ገባሁ። ሰሌዳው ላይ «ድምፅ የለኝም፤ አግዙኝ» ብዬ ጻፍኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ቀጥሎ አንዷ ልጅ እጇን አውጥታ በሹክሹክታ ጠየቀች። የሚቀጥለውም በሹክሹክታ መለሰላት። ሰባው ልጅ ሲያንሾካሹክ ዋለ። ርዕሰ መምህሩ ክፍሉ ባዶ የሆነ መስሏቸው በመስኮት አዩና፣ ስወጣ አግኝተውኝ በሥራ ዘመናቸው እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ክፍል እንዳላዩ ነገሩኝ። እስቲ አስቡት። ጸጥታ ለማስከበር አሥራ ስምንት ዓመት ጉሮሮዬን ቀድጃለሁ። ዝም ብል ኖሮ! ግን ደግሞ ድምፅ የሌላትን አስተማሪ ስንት ቀን ይታገሷታል?

ወደ አባባ ልመለስ። የመጀመሪያው እሁድ በሥልጠናው አለፈ። በሁለተኛው እሁድ ሕክምናዬን የሚያውቀው ገደፋው ውሸት አላስችል አለውና እውነቱን ነገራቸው። ሥልጠናው ውሸት ነው፣ ጉሮሮዋን ታክማ ነው፣ ደህና ናት፣ መናገር ብቻ ለጊዜው ተከልክላለች አላቸው። ምስኪን! ሰው ሲሞት በኛ ዘንድ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ አይደል? መጀመሪያ መንገድ ሄዳለች ይባላል። ቀጥሎ ትንሽ አሟታል ይባላል። ቀጥሎ ሐኪም ቤት ገብታለች፣ አሁን ደህና ናት ይባላል። ከዚያ አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው በር ያንኳኳሉ። ይህን ደግሞ ከአባባ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ እሳቸው ራሳቸው በዚያ ቀበሌ አርባ ዓመት መርዶ ነጋሪ ነበሩ። የማንም አባት፣ የማንም እናት ሞት በሳቸው አፍ ነው የተነገረው። እና የገደፋውን ቃል ሲሰሙ «እሺ» ብቻ አሉ። የመጨረሻውን ማለዳ መጠበቅ ጀመሩ።

ማለዳውም መጣ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የአባባ ጎረቤት አያ ዳምጤ ድጅኖ ሊዋሱ ጎሕ ሲቀድ በሩን አንኳኩ። ገደፋው ከብቱን ይዞ ወጥቷል። አባባ ተነስተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ስንት ሁናችሁ መጣችሁ?» አሏቸው።

«ኧረ ብቻየን ነኝ» አሉ አያ ዳምጤ።

«ብቻህን? ደፋር ነህ። በል ተናገር፣ ቻልሁት።»

አያ ዳምጤ ደነገጡ። «ኧረ ምንም የለ! ደህና ነን እኮ!» አሉ።

«እኔም እንዲሁ ነበር እምጀምር» አሉ አባባ፤ እና አለቀሱ።

የሽማግሌ ለቅሶ ተሰምቶ ዝም የሚል አገር የለም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ደረሱ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም፤ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ በኋላ ይጠየቃል። ገደፋው ሲመለስ ግቢው ሞልቷል። የለም፣ አልሞተችም ብሎ ቢጮህ፣ «አይዞህ፣ በርታ» እያሉ ጀርባውን መቱት። ኋላ ላይ እንደነገረኝ፣ ደግነቴ ተነሳ፣ ሙያዬ ተነሳ፣ መልኬ ተነሳ። ሸንቃጣ ነበረች ተብሎም ተለቀሰ። እኔ? በር በጎን የምገባዋ ሴትዮ?

አሥቄአችሁ ይሆናል። እኔ ግን ገደፋው ደውሎ «አባባ እህል አልቀምስ ብለዋል» ሲለን ልሄድ ነጠላዬን አነሳሁ። የሰማንያ ዓመት ሰው ናቸው። መንገዱም ያን ሰሞን ዝግ ነበር፤ ተነስቼ እንዳልሄድ መኪና የለም። ሙሉቀን ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገው። «አባባ፣ ይታይሽ አጠገቤ ናት፤ እየሰማችዎት ነው» አላቸው።

«ታዲያ ምነው ዝም አለች?»

«መናገር አትችልም እኮ፣ አባባ።»

«እሱንማ አውቃለሁ፣ ልጄ። የሞተ ሰው አይናገርም።»

ስልኩን ነጥቄ ተነፈስኩበት። በጥፍሬ አንኳኳሁት። እጄን አጨበጨብኩ። «ኔትወርኩም ተበላሸ» ብለው አባባ ስልኩን ለገደፋው መለሱለት። ከዚያ በኋላ መሬት ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። አባቴ በኔ ሐዘን በረሃብ ሊሞቱ ነው፤ እኔ በሕይወት አለሁ፤ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ እሱም የለኝም።

በሦስተኛው ቀን መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው ሚኒባስ ቡሬ ወረድን። ከዚያ በእግር። በጭቃው እየተንሸራተትኩ፣ አባባ ይቆዩልኝ እያልኩ በልቤ ተሳልኩ። ግቢው በር ላይ መጀመሪያ ያዩኝ የአባባ ጎረቤት እትዬ ጥሩሰው ናቸው። አማተቡ። ደግመው አማተቡ። ከዚያ መጥተው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ፤ አልቅሰው አልጨረሱም ነበርና ቀሪውን እኔው ላይ አለቀሱልኝ።

አባባ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል፤ ጋቢው ሰፍቷቸዋል። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምኩ፣ እጃቸውን ያዝኩ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ከሩቅ መጥተሽ። የሙሉቀን እኅት ነሽ አይደል? በቃ አታልቅሽ» አሉኝ።

«አባባ፣ ይታይሽ ናት! እሷው ናት!» አለ ገደፋው።

«ተው አንተ ልጅ። ይህን ሥራ አርባ ዓመት ሠርቸዋለሁ። በሟች ፋንታ ሌላ ሰው ማምጣት ግን እኔም አስቤው አላውቅ።»

ሙሉቀን ማለ፣ ተገዘተ። ሐዘንተኛን እንዲህ ያደርገዋል አሉ። እጃቸው ላይ ልጻፍ? ፊደል አልቆጠሩም። ዓይነ ስውር ፊት ዳስሶ ሰው የሚለየው ደግሞ ፊልም ላይ ነው። አባባ የሴት ፊት የሚዳስሱ ሰው አይደሉም፤ እጃቸውን ወደ ጉንጬ ብስበው ደንግጠው ነጠቁኝ። ሌላ ምን ይቀረኛል? ጉልበታቸው ሥር ቁጭ አልኩ። እሳቸውም የሙሉቀንን እኅት ማጽናናት ጀመሩ።

«ልጄ ደግ ነበረች» አሉ። «ወሬ ግን ታበዛ ነበር።»

«ኧረ ይተዉ፣ አፈር በበላው ሰው!» አሉ እትዬ ጥሩሰው፣ እዚያው አጠገቤ ቆመው፣ እያዩኝ።

«እውነቴን ነው። እሁድ እሁድ ትደውላለች። ጉልበትዎ እንዴት ነው ትለኛለች። ስለ ጉልበቴ ልነግራት ስል ስለ መድኃኒቱ ትጠይቀኛለች። ስለ መድኃኒቱ ልነግራት ስል በሉ ደህና ዋሉ ትለኛለች። አንድ ነገር ልነግራት ስድስት ዓመት ፈለግሁ፤ ክፍተት አጣሁ።»

መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። ስድስት ዓመት! በየሳምንቱ አልደወልኩም? በየሳምንቱ አልጠየቅሁም? ለካስ ጠይቄ አላውቅም፤ ተናግሬ ብቻ ነው።

«ዓይኔ ሊጠፋ ሰሞን፣ ለመስቀል መጥታ ነበር» ብለው ቀጠሉ። «ከዚህ በር ላይ ቁማ ዶሮ ታባርራለች። ፀሐይ ወጥቶባታል። ከዚያ ወዲህ ሰው አጥርቸ አላየሁም፤ የመጨረሻ ያየሁት እሷን ነው። ያን አረንጓዴ ሻሿን አስራ፣ ዘወር ብላ አየችኝና...»

«ሰማያዊ ነው!»

ማን ተናገረ? ዘወር ብዬ ፈለግሁ። እኔ ነኝ። ዘይት ያጣ በር የመሰለ ነገር ነው ከጉሮሮዬ የወጣው። አሥራ ስምንት ዓመት ያስተማረች ሴት ስሕተት ሰምታ ማለፍ አትችልም፣ ብትሞትም።

አባባ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ጆሯቸውን ወደኔ አዘነበሉ።

«ይህ ድምጥ የልጄ አይደለም» አሉ። ቀጥለው ግን እጄን ፈልገው ያዙ። «ሰው ሳይጨርስ መግባቱ ግን የሷ ነው። ገደፋው፣ እህል አቅርብ።»

ይህ ከሆነ ሦስት ወር አለፈ። ድምፄ በደንብ ተመልሷል ብላችሁ እንዳታስቡ። ጠዋት ይሻክራል፣ እስከ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ያደርሰኝና ይጠፋል። ሐኪሙ አሁንም ይመጣል ይላል፤ እኔም መቼ ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ። ርዕሰ መምህሩ ቤተ መጻሕፍት ሊያዛውሩኝ ነው፤ መናገር ክልክል የሆነበት ቤት። አንዳንድ ጠዋት ጓዳ ገብቼ የድሮ ድምፄን እፈልጋለሁ። አላገኘውም፤ አለቅሳለሁ፤ ፊቴን ታጥቤ እወጣለሁ።

አንድ ነገር ግን ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ከእንግዲህ አባባን አዳምጣለሁ ብዬ። «ዘወር ብላ አየችኝና...» ካሉ በኋላ ምን ሊሉ እንደነበር ማወቅ አለብኛ! እሁድ ደወልኩ። «ያን የሻሹን ነገር ይጨርሱልኝ» ብዬ አፌን ዘጋሁ። አባባ ጀመሩ። መስቀሉ መጣ፣ ዶሮዎቹ መጡ፣ ፀሐዩ መጣ። እኔ ዝም። ድንገት አቆሙ።

«አለሽ?» አሉ።

«አለሁ፣ አባባ። እየሰማሁ ነው።»

ትንሽ ቀጠሉና እንደገና አቆሙ። «አለሽ ወይ? ኧረ ተናገሪ! ገደፋው፣ ና እስቲ፣ ልጅቱ ዝም አለች!»

ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በሚቀጥለው እሁድም ያው ሆነ፤ ከዚያ በኋላም። ታሪኩ እስካሁን አላለቀም፤ የሚያልቅም አይመስለኝም። አሁን አባባ መናገር ሲጀምሩ፣ ባለችኝ በዚያች በሻከረች ድምፅ፣ ሆን ብዬ አቋርጣቸዋለሁ።